የታጠፈው ግራ ክንድ

ሴትዮዋ ገና የአዳራሹን ደፍ ስትሻገር የጌንግ ቦሊን ደም ፈላ።

መንግሥት በየወረዳው ያሉትን የጥንት የኩንግፉ ስልቶች መዝግቡ ብሎ ካዘዘ ሦስት ወር ሆኖታል። በሰሜን ቻይና በሄቤይ ሜዳ ላይ ያለችው ይህች የወረዳ ከተማ ድሮም ቡጢ የማያጣት ናትና፣ ትእዛዙ እንደመጣ ከየጓሮው መምህር ነኝ ባይ ፈላ። እውነተኛውን ከሐሰተኛው እንዲለይ የተሾመው ጌንግ ነበር። አንዱን "ይህ የሰርከስ ነው" ብሎ መለሰው። ሌላውን "አያትህ ሰክረው የፈጠሩት መሆን አለበት" ብሎ በሕዝብ ፊት አሳፈረው። ርኅራኄ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ለራሱ የቀረው አንድ ማኅተም ብቻ ነበር። ከአባቱ የወረሰው፣ አሥር ትውልድ የቆጠረው የጌንግ ቤት ጡጫ በክፍለ ሀገሩ መዝገብ ሊሰፍርለት ነው። ዳኛውም አመልካቹም አንድ ሰው መሆኑን ያነሳ አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው ከጡብ ሠሪዎቹ መንደር ደብዳቤ የመጣው። ሚያው ጉዪንግ የሚባሉ የስድሳ ስድስት ዓመት ሴት ያንኑ ስልት በራሳቸው ስም ለመንደሩ ልጃገረዶች ያስተምራሉ፤ ይመዝገብላቸው ይላል። አንድ ስልት ደግሞ ሁለት ባለቤት የለውም። ወይ እሷ ሌባ ናት፣ ወይ አባቱ። ጌንግ ሁለተኛውን ሊያስበው እንኳ አልፈለገም።

የወረዳው ጸሐፊ ጓድ ሉዎ የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቀ ቅጹን ይሞላል። በጌንግ ጀመረ።

"የልደት ዓመት?"

"የጥንቸል ዓመት።"

"እናት?"

"በወለደችኝ በሳምንቱ ሞታለች። ይህን ምን አመጣው?"

"ቅጹ ነው የሚጠይቀው፣ ጓድ ጌንግ።" ወደ ሴትዮዋ ዞረ። "እማማ ሚያው፣ ከማን ተማሩ?"

"ከአባቴ። ጡብ ሠሪ ነበር።"

"የትውልድ መጽሐፍሽስ?" አለ ጌንግ አቋርጦ።

"ማንበብ አልችል፣ መጽሐፍ ምን ያደርግልኛል?"

አዳራሹ ሳቀ። ጌንግ አልሳቀም።

"እኛ ቤት ተቀጥረሽ አልሠራሽም?"

"ሠርቻለሁ። ዓመት ከመንፈቅ።"

"ለምን ተባረርሽ?"

"እሱን አባትዎን ነበር መጠየቅ።"

ጌንግ ወደ ሕዝቡ ዞረ። "እኔ ልንገራችሁ! አባቴ ግቢው ውስጥ ሲለማመድ እያጮለቀች ነው የሰረቀችው። መጽሐፉን ጽፎ በጨረሰ በወሩ አንገቷን ይዞ አስወጣት።"

መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ሉዎ እጁን በሱሪው ጠርጎ ገለጠው። ሠላሳ ስድስት ሥዕሎች አሉት፤ መጨረሻው ገጽ ላይ "በዘንዶ ዓመት ተፈጸመ" ይላል፤ በአገሩ አቆጣጠር ከጥንቸል ቀጥሎ ያለው ዓመት።

"ሥዕሎቹ ለምንድነው ሁሉም ከሰገነት ላይ ቁልቁል እንደታዩ ሆነው የተሳሉት?" አለ ሉዎ።

"የጥንት አሳሳል ነው። ጓድ ሉዎ፣ እባክህ ሴትዮዋ ትሥራና እንገላገል።"

ሚያው ጫማዋን አውልቃ መሐል ገባች። ሁለት እጇን ዘርግታ ነው የጀመረችው። መሬቱን በእግሯ ስትመታ የሉዎ ኩባያ ከነክዳኑ ተንቀጫቀጨ። ጮኸች፣ ዞረች፣ ደግማ መታች። የመንደሯ ሴቶች አጨበጨቡ።

"ይህ ጡብ መርገጥ ነው!" አለ ጌንግ። "ኮቴን ያዝልኝ፣ ጓድ ሉዎ።"

እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ያምርበት ነበር። ግራ ክንዱን አጥፎ ደረቱ ላይ አሳረፈ፣ መዳፉን ወደ ላይ መልሶ። በቀኙ ብቻ እየመከተና እየመታ በቀጭን በረዶ ላይ እንደሚሄድ ሰው እግሩን ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል። ከወገቡ በላይ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ከጉሮሮው ዝቅ ያለ ድምፅ ሳያቋርጥ ይወጣል፤ አባቱ "የሆድ እስትንፋስ" ይለው የነበረው ነው። እያንዳንዱን ዙር ሲጨርስ በቀኝ መዳፉ የታጠፈውን ክንዱን ሦስት ጊዜ ቀስ አድርጎ መታ መታ ያደርገዋል። ይህ "በር መዝጊያ" ይባላል፤ ምስጢሩ ሁሉ እዚያ ነው ይባላል።

ሉዎ እንኳ የሱፍ ፍሬውን ተወ።

ሴትዮዋ ዓይኗን ከግራ ክንዱ ላይ አልነቀለችም። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ ጌንግ አየና ፈራች ብሎ ደስ አለው።

"አየሽ? እኔ በዚህ ክንድ ሠላሳ ዓመት ተገርፌበታለሁ። ትንሽ ከተፈታ አባቴ በቀርከሃ ነበር የሚለኝ። ክንዱ ካልታጠፈ የጌንግ ጡጫ አይደለም። አንቺ ሰርቀሽ እንኳ አልቻልሽበትም!"

ሉዎ ማኅተሙን አነሳ። "እማማ፣ ሐሰተኛ ከተባሉ ከዛሬ ጀምሮ ማስተማር ክልክል ነው። የሚሉት ካለ አሁን ይበሉ።"

ጌንግ ግን ቀደማት።

"እኛ ቤት ሳለሽ ያየሽው እንዴት ነበር?" አለ ጌንግ፣ አፍንጫዋ ሥር ቆሞ። "እውነቱን ተናገሪ! ክንዱ ታጥፎ አልነበረም?"

"ታጥፎ ነበር።"

"የእግር ኮቴ ይሰማ ነበር?"

"አይሰማም ነበር። በእናንተ ግቢ አሁን እንደሠሩት ነበር የሚሠራው። ምንም አልጎደለም።"

"አመነች! ጻፍ፣ ጓድ ሉዎ፣ አመነች!" ጌንግ ፊቱ ቀልቶ ጣቱን ቀሰረባት። "ታዲያ ያንን የመሰለ ክንድ ማን ፍቺው አለሽ? መሬቱንስ እንደ እብድ መደብደብ ከየት አመጣሽው?"

ሴትዮዋ እጇን ሰደድ አድርጋ የተጣመመውን የአንገትጌውን ጫፍ አቃናችለት።

"ያኔማ አንተን ታቅፌ ነበር፤ መሬት ብመታ ትነቃብኝ ነበር።"