ጥቁሩ ፕሌት

ቀጭ አለ። ደረቅ ጭራሮ በጣት መካከል ሲሰበር እንደሚለው፣ ግን ከዚያም ያነሰ።

የሰማችው ከቀዶ ጥገና ክፍሉ ግድግዳ ተጠግታ የቆመችው እህት ብቻ ናት። ጭኑ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ የተኛው ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ግንበኛ፣ ከመወጣጫ ላይ የወደቀ። የተሰበረው አጥንቱ ላይ የሚታሰረውን ጥቁር የካርቦን ፋይበር ፕሌት መሐንዲስነት ከተማረችበት አገር ይዛ የገባችው እሷ ናት። «ብረት ሸክሙን ሁሉ ብቻውን ይዞ አጥንቱን ያሰንፈዋል፤ ይኼ ግን ያካፍለዋል» ብላ እናቷንም ሐኪሙንም ያሳመነችው እሷ ናት። ሐኪሙን የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፕሌቱን እንዳያጎብጠው።

ሐኪሙን በሌለበት «አናጢው» የሚሉት በከንቱ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብረቱን በጉጠት እያጎበጠ በየሰዉ አጥንት ልክ ሲያበጅ ኖሯል። ጆሮው ልመናዋን ሰምቷል፤ እጁ ግን አልሰማም።

«ዶክተር፣ ተሰነጠቀ።»

«ምኑ?»

«ፕሌቱ። ሲያጎብጡት ድምፅ ሰማሁ።»

መብራቱ ሥር ይዞ አገላበጠው። ለስላሳ ነው፤ ጭረት እንኳ የለውም። «እስቲ የቱ ጋ ነው? አሳዪኝ።»

ምኑን ታሳየው! ክሮቹ የሚበጠሱት ከውስጥ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ላዩ እንዲህ ያማረ ስንቱን ሰብራለች፤ አንዴ ውስጡ ከተሰነጠቀ አንዳንዱ ወር ይቆያል፣ አንዳንዱ ዓመት።

«ብረቱ ይግባ» አለች።

«ብረት!» መሣሪያ አቀባይዋን ነርስ እያየ ሳቀ። «ከመጣሽ ጀምሮ ብረት አሮጌ ነው፣ ብረት ኋላ ቀር ነው ስትዪን ከርመሽ፣ ዛሬ ታረቃችሁ?» ነርሷ ከጭምብሏ ሥር በሳቅ ፍርፍር አለች። «በይ፣ ‹ተሳስቼ ነበር› በዪኝና አሁኑኑ ብረቱን ላስገባው። ልጁ ተከፍቶ ነው ያለው።»

ሁለት ቃል ነው። ግን የተሳሳተችው እሷ አይደለችም! የተሳሳተው የእሱ እጅ ነው፤ ነገም በሌላው ላይ ይሳሳታል፣ ከነገ ወዲያም።

«ዝምታ እሺታ ነው» አለ፤ መሰርሰሪያውም ጮኸ።

ቁስሉ ከመሰፋቱ በፊት ራጅ ተነሣ። አጥንቱ ቀጥ ብሏል። ካርቦን ራጅ ላይ አይወጣምና ፕሌቱ ባለበት ቦታ ምንም የለም፤ ስምንት ብሎኖች ብቻ ባዶ ላይ ተሰክተው ይታያሉ።

«አየሽ? ስንጥቅ የለ፣ ምን የለ!» አለ አናጢው፣ ከልቡ ተደስቶ። «ሂጂ፣ እናትሽን አብስሪ።»

በሩን ስትከፍት እናቷ ከአግዳሚው ተነሥታ ነበር።

«እህስ፣ ልጄ? ያ ያመጣሽው ገባለት?»

«ገባ፣ እማዬ።»

እናቷ የልጇን ሁለት እጆች ስባ ታገላብጥ፣ ትስም ጀመር። እሷም እጆቿን አልነጠቀቻትም።