አምፖል ሊገዛ የወጣ ሰው

ልብስ ሰፊዋ ለአራት ሰዓት ቀጠሮ አንድ ሰዓት ላይ ደረሰች። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱን ኮሪደር ከዳር ዳር ስትመላለስበት ጥበቃው ወለሉ እንዳያልቅበት ሰግቶ በእጁ ወንበር አሳያት። ተቀመጠች። እግሯ ግን ብቻውን መሄዱን ቀጠለ።

ስልኳ ጮኸ። አናጢው ነው፤ አገር ቤት ያለው አዲሱ ባሏ።

«ገባሽ?»

«ገና ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ሱቁን ዘግቻለሁ፣ መጋዙንም ለወንድሜ ሰጥቻለሁ። እምቢ ካሉሽ እንጨት በጥርሴ ልቆርጥ ነው!»

«አፍህን በበጎ ክፈት!» ብላ ዘጋችበት።

እሷ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ አላት፤ ባል ማስመጣት ትችላለች። ሕጉ አጭር ነው፦ ለአንዲት ሴት አንድ ባል። የቀድሞው ካልፈታት ወይም ካልሞተ አዲሱ የአውሮፕላን ደረጃ አይረግጥም። የእሷ የቀድሞ ባል ሞቷል። ሞቷል የሚል የፍርድ ቤት ወረቀት በቦርሳዋ ይዛለች፤ ማኅተሙ እንጀራ ምጣድ ባያክልም የድስት ክዳን ያክላል።

አራት ሰዓት ላይ ስትገባ መርማሪው ወረቀቱን ተቀብሎ ቅማል እንደሚፈልግ ሰው አገላበጠው። ሃያ ዓመት በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ውሸት ከሦስት ሰፈር ማዶ ይሸተዋል ይባላል። የእሷን ቋንቋ ስለማያውቅ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር የስልክ ሳጥን አለ። አስተርጓሚው ሌላ ከተማ ሆኖ በዚያ በኩል ይናገራል።

ሳጥኑ ሁለት ጊዜ አሳለ፤ ድምፁ በርሜል ውስጥ እንዳለ ሰው ነው።

«እንደምን አደሩ እመቤት። አስተርጓሚዎ ነኝ። የሚሉትን አልጨምርም፣ አልቀንስም።»

«ይማርህ፣ ወንድሜ» አለች፣ የካፖርቷን አዝራር እያሽከረከረች።

«የቀድሞ ባልዎ መቼ ሞቱ? ይላሉ።»

«መቼ እንደሞተማ እንጃ።»

የመርማሪው ቅንድብ ወደ ላይ ወጣ።

«አስከሬኑን አይተዋል?»

«አላየሁም።»

«ማን ቀበራቸው?»

«ማንም።»

«ታዲያ መሞታቸውን በምን አወቁ?»

አዝራሩ ተበጥሶ ከጠረጴዛው ሥር ተንከባለለ። እግሯ ወለሉን ይደበድባል።

«ምን ልበልህ። ክረምት ነበር፣ ቤታችን ጨለመ። አምፖል ገዝቼ መጣሁ ብሎ ወጣ። ሱቁ ከደጃችን ሃያ እርምጃ ነው። ዘጠኝ ዓመት ጠበቅሁት። ኤሊ ብትላክ እኮ ዕቃውን ገዝታ፣ መልሱን ተቀብላ፣ ወልዳ ከብዳ ትመለሳለች! ፍርድ ቤቱም እንደኔ አሰበና ሞቷል አለ።»

ሳጥኑ ዝም አለ። መርማሪው መስመሩ የተቋረጠ መስሎት በጣቱ መታው። ሳጥኑ አሳለና ለመርማሪው በቋንቋው መናገር ጀመረ።

ልብስ ሰፊዋ ከዚያ ቋንቋ የምታውቀው ቁጥር ብቻ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ አዝራር ስትቆጥር ነው የተማረችው። ጆሮዋን አቆመች። ስልሳ አለ። ሃያ አለ። ዘጠኝ አለ። ሃያው ልክ ነው፣ ዘጠኙም ልክ ነው። ስልሳውን ከየት እንዳመጣው እሱ ያውቃል። አስተርጓሚም እንደ አብሳይ ነው፤ ጨው ጣል ማድረጉ አይቀርም።

እግሯ ቆመ። ጎንበስ ብላ አዝራሩን አነሳች፣ ከኮሌታዋ ላይ ክር የተሰካበት መርፌ መዘዘች፣ እዚያው መርማሪው ፊት ካፖርቷን መስፋት ጀመረች።

መርማሪው ይህን አልወደደውም። እስከ አሁን እንደ እርጎ ስትናጥ የነበረች ሴት በአንዴ እንዲህ የረጋችው ያለ ምክንያት አይደለም። ማስታወሻው ላይ ጻፈና ጠየቀ።

«በመካከላችሁ ጠብ ነበር ወይ? ነው የሚሉት» አለ ሳጥኑ።

«ጠብ? ከማን ጋር? እሱ እኮ ትንኝ እንኳ ይቅርታ ሳይጠይቅ የማይገድል ፈሪ ነበር። ሚስቱን ደህና ሁኚ ለማለት ወኔ ያጣ፣ ጥላው ሲከተለው የሚሮጥ፣ የወንድ ልፍስፍስ!»

ሳጥኑ ለመርማሪው፦ «ጥሩ ሰው ነበር፣ ትላለች» ብሎ ተረጎመ።

መርማሪው ያ ሁሉ ቃል የት እንደገባ ግራ ገብቶት ሳጥኑን አየ፣ ሴትዮዋን አየ። ከዚያ ብዕሩን አስቀምጦ ክንዱን አጣጥፎ፣ ረጅም ነገር ተናገረ። ሳጥኑ ቶሎ አልተረጎመም።

«ሰውየው በሕይወት ከተገኘ ፋይልሽ ይዘጋል፣ አዲሱ ባልሽም እዚያው ይቀራል ነው የሚሉት። መሞቱን... እርግጠኛ ነሽ ወይ?»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ሳጥኑን በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ጠጋ ብላ ተመለከተችው።

«ዘጠኝ ዓመት አልቅሼለታለሁ። ዛሬ ቢነሳ ለቅሶዬን ማን ይመልስልኛል? ሞቷል በልልኝ። አንተው በአፍህ በልልኝ።»

ሳጥኑ ሁለት ጊዜ አሳለ። ከዚያ በመርማሪው ቋንቋ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ አንድ ቃል ተናገረ።

መርማሪው ሴትዮዋን ረጅም ጊዜ አያት። ዓይኗን አልሰበረችም። ማኅተሙን አነሳና መታ፤ ምቱ እንኳን ጠረጴዛውን መስኮቱንም አነቃነቀው። አናጢው ጥርሱ ተረፈለት።

ወረቀቷን ሰብስባ ተነሳች። መርማሪው ሳጥኑን ሊዘጋ እጁን ሲዘረጋ፣ አንድ አፍታ እንዲታገሳት በጣቷ ምልክት ሰጠችውና ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አለች።

«ለመሆኑ፣ ባለ ስልሳ ዋቱን አምፖል አገኘኸው?»