የከሲታው ሰው ጮማ

በሬው ገመዱን በጥሶ የግቢውን ባለቤት ረዳኢን ከግንቡ ጋር አጣበቀው። "ወይለይ!" አለ ሰውየው፤ ቀንዱ ለጥቂት ጎኑን ስቶ ኮቱን ተረተረው። ለፋሲካ ቅርጫ የገቡት ጎረቤቶች ቢላቸውን እየጣሉ በየበሩ ተሸጎጡ። ወደ በሬው የሮጠ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የሥርጉት ባል ከፋለ። ሌላማ ማን ሊሆን!

"ከፋለ! በማርያም፣ ተው!" ብላ ጮኸች ሥርጉት።

መች ሊሰማ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሁለቱን ቀንድ ጨብጦ አንገቱን ጠመዘዘው። በሬው እያጓራ ግቢውን ዙሪያ ጎተተው፤ የውሃ በርሜሉን ገለበጠበት፤ ጉልበቱን ከድንጋይ ጋር አላተመው። ሸምበቆ የመሰለ ሰው እየተሳደበ፣ እየተፋ፣ ያን የሚያህል በሬ በጎኑ ዘረረው። ሃይለ የሚባለው ጎረቤት ሮጦ እግሮቹ ላይ ወደቀ። ከፋለ ከተጣሉት ቢላዎች አንዱን አንስቶ የበሬው አንገት ላይ ሳበው፤ ትኩሱ ደም የሁለቱንም ፊት አለበሰው። ከየበሩ ጭብጨባ ተሰማ።

ሥርጉት አላጨበጨበችም። በሑዳዴው ሐኪሙ ፊት አብራው ተቀምጣ ሰምታለች። "የልብህን ዙሪያ ስብ ከቦታል፤ ደም ሥሮቹም ጠበዋል። ከባድ ሥራ ይቅርብህ፤ ጮማ ተው" ሲለው፣ ከፋለ ሸሚዙን ገልቦ የጎድን አጥንቱን አሳየው። "ዶክተር፣ እስቲ እዚህ ላይ ስብ ታያለህ?" "ከሲታም ሰው ውስጥ ውስጡን ይጋገርበታል" አለው ሐኪሙ። ከፋለ ሰፈራቸው ዓዲ ሓቂ እስኪደርሱ ሚኒባሱ ውስጥ ሲስቅ ነበር። የታዘዘለትን ክኒን አንድ ቀን አልቀመሰም። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ትንፋሹን ስታዳምጥ ነው የሚነጋው።

አሁን በሬው ተገፎ ሲያበቃ ከፋለ ደረቱን ከፍቶ ልቡን መንጭቆ አወጣና ወደ ላይ አነሳው። ነጭ ጮማ ጠቅልሎታል።

"እዩልኝ! ይገድልሃል የተባልኩት ይኼ ነው! ይህን ተሸክሞ አይደል እንዴ አቶ ረዳኢን ግንብ ላይ የለጠፈው?"

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። "ሐቅህን ነው ሓወይ፣ ወንድሜ!" አለ ረዳኢ ጎኑን ይዞ እየሳቀ። "ልቡ ጮማ ያልያዘ በሬ ምኑ በሬ ነው?"

ከፋለ ጮማውን ገሽልጦ፣ ገና እንደሞቀ ወደ አፉ ሲወስደው ሥርጉት ከማገዶው ላይ ፍልጥ አነሳች። እጁን ስትለው ጮማው መሬት ወደቀ። ትከሻውን ደገመችው።

"ከደብረ ብርሃን ድረስ ያመጣኸኝ መበለት ልታደርገኝ ነው? ልጆቼን ልታስለቅስብኝ ነው? አንተ ጨካኝ!"

ሦስተኛው ጀርባው ላይ አረፈና ፍልጡ ተሰበረ። ሃይለ ወገቧን ቢይዛት በክርኗ አፍንጫውን አለችው፤ ደሙ ተንዠቀዠቀ።

"ተዪ ሓፍተይ፣ ተዪ እህቴ፣ ሰው ፊት!" አለ ረዳኢ።

ሰው ፊት! ከፋለን ያነደደው ይኼ ነው። በትዳራቸው እጁን አንሥቶባት አያውቅም። አሁን ግን ዓይኑ ደም ለብሶ፣ ነጠላዋን አንገቷ ላይ በግራ እጁ ጠምዝዞ ያዘና ቀኙን አነሳ። ሥርጉት አልሸሸችም፤ ይምታኝ፣ ብቻ ይትረፍልኝ ብላ ፊቷን ሰጠችው።

ጥፊው አልመጣም። ነጠላዋን የያዘው እጅ ላላ። ከፋለ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ላብ አጠመቀው። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የበሬው ደም ላይ ቁጭ አለ።

"አንቺ..." አለ።

"ማኪና! ማኪና አምጡ!" እያለ ረዳኢ ወደ መንገዱ ሮጠ።

ሥርጉት ተንበርክካ የባሏን እጅ አነሳችና ጉንጯ ላይ አደረገችው።

"ምታኝ! ከፋለ፣ በሞቴ፣ ተነሥና ምታኝ!"

በለቀቀችው ቁጥር እጁ ጭኑ ላይ ይወድቃል፤ መልሳ ታነሣዋለች።