የለቅሶ በቅሎ

ከዚህ ወሬ አንዲት ቃል ብዋሽ መብረቅ ይምታኝ። ጎረቤቴ ግቢው ውስጥ የባዮጋዝ ጉድጓድ ነበረው። እበቱን በውሃ በጥብጦ ሲያፈስበት ጋዙ በቱቦ መጥቶ ምድጃው ላይ ይነድዳል። ከዚያ ድርቁ መጣ፤ የመጨረሻዋ ላሙ ሞተች፤ እሳቱም ጠፋ። ተራራው ራቁቱን ስለቀረ ጭራሮ በማንም ቤት የለም። በዚያው ሰሞን ሚስቱ ያምሮት ወለደች። ለገንፎ የሚሆን ዱቄት አለ፣ የሚያበስለው እሳት ግን የለም። ትኩስ ነገር ካልቀመሰች ጡቷ ሊደርቅ ነው።

«ሰው ቢሞትብን አገሩ ሁሉ በበቅሎ ይመጣልን ነበር» አለኝ። «ፋንድያም ለጉድጓዱ ይሆናል።»

«ታዲያ ሙት!» አልኩት።

ተጋደመ። በጋቢ ሸፈንኩትና የእድሩን ጥሩምባ ነፋሁ።

ያምሮት ከመጋረጃው ጀርባ «አንተ ሰውዬ፣ አራስን ሙሾ አውርጂ ይባላል?» አለችው።

«ዝም ብለሽ አቃስቺ» አላት ሟች።

ለቀስተኛው መጣ፤ በቅሎዎቹ ግቢውን ሞሉት። ጎረቤቴ በጋቢው ጠርዝ እያጮለቀ «ጣሉ ወይ?» ይለኛል። «ገና ነው» እለዋለሁ። የሕፃኑ ድምፅ እየሰለለ ሄደ። እስኪመሽ ጠበቅን፤ አንዱም በቅሎ ፋንድያ አልጣለም። ለካ የእነሱም ሆድ ባዶ ኖሯል! ሬሳው ይህን ሲሰማ የምሩን አለቀሰ።

እሺ፣ አንዲት ነገር ጨምሬያለሁ። በቅሎዎቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። ያኔ በአገሩ በቅሎ የተረፈለት ሰው አልነበረም፤ ለቀስተኛው ሁሉ የመጣው በእግሩ ነው።