የሰማያዊው ክር ቦታ

«ቱ ዘ ዴትሪመንት ኦፍ» አለች ሚጣ ደግማ፣ የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ደረቷ ላይ አስደግፋ እየተንጎራደደች።

«ይኼ ደግሞ ምን ማለት ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቷ፣ እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ሳታነሳ። ከጠዋት ጀምሮ እንዳጎነበሰች ነው፤ ከወገቧ ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል። ነገ ሚጣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ትቀርባለች፤ የምትለብሰው ሰማያዊ ኮት ገና እጅጌው እየተሰፋ ነው።

«አንዱ ነገር ሲሠራ ሌላው ሲጎዳ ነው፣ እታለም። ‹እንትንን እስከ መጉዳት ድረስ› እንደ ማለት። የደብዳቤና የስብሰባ ቋንቋ ነው እንጂ ሰፈር ውስጥ አይባልም።»

«ሰፈር ውስጥስ ምን ይባላል?»

«‹ገደልከኝ› ነዋ።»

ሁለቱም ሳቁ። ታላቅየዋ ዓይኖቿን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ ሰሞኑን ሳትስቅም ያነባሉ።

«እስቲ ምሳሌ ስጪበት።»

«ሰውየው ሌት ተቀን ሠራ፣ ጤናውን እስከ መጉዳት ድረስ። የተጎዳው ነገር የግድ ከኋላ መጠራት አለበት። ካልተጠራ ንግግሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል።»

«ምስኪን፣ ፈጣሪ ይማረው» አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «በይ ነይ ለኪው።»

ሚጣ ኮቱን ደርባ ወደ መስኮቱ ሄደች። እዚያው ቆማ እጅጌውን ወደ ብርሃኑ አነሳች።

«ጠበበሽ እንዴ?»

«ክሩ ቡኒ ነው፣ እታለም።»

የታላቅየዋ እጅ ወደ ጠረጴዛው ቀኝ ጥግ ሄደ። ሰማያዊው ክር ዘወትር የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ቡኒው በግራ። ጣቶቿ ጥቅሉን ዳበሱት እንጂ ዓይኗን አላዞረችም።

«ትናንት ጠረጴዛውን ስወለውል ቦታቸውን አቀያይሬው ነው» አለች ሚጣ፣ ድምጿ እየወረደ። «ቀለሙን ታዪዋለሽ ብዬ እኮ ነው።»

ታላቅየዋ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ሚጣ የእህቷን ዓይኖች እያየች።

«አንቺ ብቻ ሥራውን ያዢ። ከዚያ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። አምጪው፣ አሁኑኑ ተርትሬ...»

ታላቅየዋ መተርተሪያ ምላጭ አነሳች፤ ሚጣ ከእጇ ወሰደችባት። ሰማያዊውን ክር ፈልጋ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት፤ ኮቱን አውልቃ መስኮቱ ሥር ተቀመጠችና ስፌቱን መተርተር ጀመረች።

ጥቂት ቆይታ ልምምዷን ቀጠለች። «ቱ ዘ ዴትሪመንት ኦፍ» ላይ ስትደርስ ቆመች።

ታላቅየዋ ክሩን እንደ ጨበጠች ቀሪውን ጠበቀች። የሚሰማው ግን ምላጩ ቡኒውን ክር አንድ በአንድ ሲበጥስ ብቻ ነበር።