የሸጊቱ ስልክ ዝም ያለበት ሳምንት

ሸጊቱ ጣና ዳር ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ያለቻት አንድ ልጅ፣ ርሆቦት ናት። ርሆቦት እዚሁ ባሕር ዳር የመርከብ ሞተር ተምራ አሁን በአንድ የጭነት መርከብ ላይ ትሠራለች። መርከቡ ውቅያኖስ መሀል ሲሆን ስልክ አይደወልም፤ ኢሜይል ብቻ ይላካል። እናትየው ከዘጌ ጀልባ በቀር ምንም ላይ ወጥታ አታውቅምና በሬዲዮ ማዕበል ሲባል በሰማች ቁጥር ታማትባለች።

ችግሩ ስልኩ ነበር። ኢሜይል እንደተላከ ወዲያው እንዲጮህ ተደርጎ ነበርና ይጮሃል። ሸጊቱም መጥበሻውን ጥላ ትሮጣለች። ከአሥሩ ዘጠኙ ማስታወቂያ ነው፤ የወንድ ጫማ በቅናሽ፣ እንዲህ ያለ ነገር። እስክትመለስ ዓሣው ያራል፣ ደንበኛው ያኮርፋል። ሰኞ ዕለት ሦስት ዓሣ ካሳረረች በኋላ ስልኳን በመሐረብ ጠቅልላ ወደ አዘዘ ሄደች።

የዱርቤቴ ተወላጁ አዘዘ ገበያው ጥግ ስልክ የሚጠግን፣ ሃምሳ ያለፈው ቁጥብ ሰው ነው። ኢሜይሉን በመጀመሪያ ያወጣላት፣ የርሆቦትንም አድራሻ መዝግቦ ያስገባላት እሱ ነው።

«ሦስት መንገድ አለው» አላት። «እንደተላከ ወዲያው፣ በየሰዓቱ፣ ወይም እርስዎ ሲፈልጉ ብቻ።»

«እኔ ስፈልግ ብቻ ይሁን።»

«ኧረ ተዉ ወይዘሮ ሸጊቱ! ለዚች ሳምንት እንኳ ወዲያው ይሁን።»

«በጮኸ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይላል እኮ!»

«አስቸኳይ ነገር ቢመጣስ?»

«ክፉ ወሬ እንደሆነ በስልክ አይመጣም። ሽማግሌ ነው በማለዳ ይዞት የሚመጣ። እስከዚያ ልረፍበት።»

አዘዘ ስልኩን ተቀበላት። ያለችውን አደረገላት። ደብዳቤ ማየት ስትፈልግ ገጹን በጣቷ ወደ ታች መሳብ እንዳለባት ሁለት ጊዜ ነገራት። እሷ ግን ልቧ እሳት ላይ ጥላው የመጣችው ዘይት ጋ ነበር።

«ስንት ነው?»

«ይቅር፣ ምን አላት!» አለና ስልኩን በመሐረቡ መልሶ ጠቅልሎ ሰጣት። «ቅዳሜ ማለዳ ቤት ነዎት?»

«የት እሄዳለሁ ብለው ነው?» ብላ ወጣች።

ጎረቤቷ እናትዓለም ይህን ስትሰማ አጨበጨበች። «አይ አንቺ! ዳታ ሊሸጥልሽ ነው። ወዲያው ወዲያው የሚልሽ ፓኬጅሽ ቶሎ እንዲያልቅ ነው። በነፃ የሠራልሽም ለማጥመድ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ቤትሽ ድረስ ይመጣልሻል፣ ታያለሽ!»

«እኔም ጠርጥሬዋለሁ» አለች ሸጊቱ።

ማክሰኞ ስልኩ ዝም አለ። ዓሣው አምሮበት ወጣ። ረቡዕም እንደዚሁ። ሐሙስ ግን ዝምታው ይከብዳት ጀመር፤ ስልኩን ከፍታ ብታይም አዲስ ደብዳቤ የለም፤ ርሆቦት ሁለት ቀን ሳትጽፍ ውላ አታውቅም። ወደ አዘዘ ልሂድ ብላ ነጠላዋን አነሣች፣ መልሳ ሰቀለችው። ነገርሁዎ አይደል ወይ ብሎ ፓኬጁን ሊያሸክማት! ሞታ ነው!

ዓርብ በምሳ ሰዓት አዘዘ ራሱ መጣና ዓሣ አዘዘ። ጢሙን ተላጭቷል። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ርሆቦት... ጽፋለች?» አለ፣ ሳህኑን እያየ።

ሸጊቱ «የለም» ልትል አፏን ከፈተች። ለሰውዬው ግን አትሸነፍም። «ጽፋለች እንጂ!»

አዘዘ ጆሮው ድረስ ቀላ። «እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን» አለና ዓሣውን በቅጡ ሳይነካ ተነሥቶ ሄደ።

ሸጊቱ የተረፈውን ዓሣ አየች። ይህ ሰው አንድ ነገር ሰምቷል። ስለ መርከቡ ሰምቶ መንገር አቅቶታል። ያን ሌሊት እመቤቴን ስትለምን አደረች።

ቅዳሜ ገና ወገግ ሲል በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ቆመዋል። አንዱ መቋሚያቸውን የያዙት መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ናቸው። ሁለተኛው የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ወልደ ዮሐንስ። ሦስተኛውን አታውቃቸውም፤ ከዱርቤቴ በኩል እንግዳ የመጡ ይመስላሉ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች ወንበር እየሳበች።

«አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ። «መጀመሪያ ቃላችንን ስሚን።»

«ርሆቦቴን!» ብላ ጮኸች ሸጊቱ። «ልጄን! ውኃ በላብኝ!»

ሰፈሩ ተነቃነቀ። እናትዓለም ነጠላዋን ዘቅዝቃ እየሮጠች መጣች። ሴቶቹ ደረት መምታት ጀመሩ፣ ወንዶቹ የእድሩን ድንኳን ሊያመጡ ሄዱ። አቶ ወልደ ዮሐንስ እጃቸውን እያወናጨፉ ይናገራሉ፤ ማን ይስማቸው! ከመንገዱ ማዶ አዘዘ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል።

«አይ ደጉ ሰው፣ እሱ እንኳ እንዴት አዘነ!» አለች እናትዓለም። ስለ ፓኬጁ ያለችውን ረስታለች።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከደጃፉ ድንጋይ ጋር አጋጩት። ጩኸቱ ለአፍታ ጋብ አለ።

«ሰው አያናግርም ወይ ይሄ አገር! ሸጊቱ፣ ልጅሽ ጽፋልሽ የለም እንዴ?»

«ከሰኞ ወዲህ መቼ ጻፈችልኝ! ትናንት ለአዘዘ ዋሽቼ ነው!»

እናትዓለም እያለቀሰች ስልኩን ከመደርደሪያው አነሣችና ገጹን በጣቷ ወደ ታች ሳበችው። ስልኩ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። አራት ደብዳቤ ወረደ፤ አራቱም የርሆቦት ናቸው። እንባዋን ጠርጋ የማክሰኞውን ጮክ ብላ አነበበች።

«እማዬ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ አቶ አዘዘ ስላንቺ ጽፈው ጠይቀውኝ በደስታ እሺ ብያለሁ፤ ቅዳሜ ማለዳ ሽማግሌ ይልኩብሻልና አደራሽን፣ መርዶ መስሎሽ እንዳትጮኺ።»