ሰባተኛው ትምህርት

ተቆጣጣሪዋ ከሦስት ተክሎች አንድ አንድ ቲማቲም ቆርጣ መዳፏ ላይ ታስቀምጣለች። አንዱ ጭብጥ ይሞላል፣ አንዱ ከድርጭት እንቁላል አይበልጥም፣ ሦስተኛው ገና ሳይቀላ ተሰንጥቋል። ምን ሆኖ ነው ብላ ትጠይቀኛለች። እኔም እንደማያውቅ ሰው ጎንበስ ብዬ ቅጠል አገላብጣለሁ።

ማሳው የአባ ማለዳ ነው። ጤዛው ሳይረግፍ፣ ከሁላችንም ቀድመው ስለሚገቡ ያወጣንላቸው ስም ነው። አገራቸው አርባ ዓመት አርሰዋል፤ እዚህ በስደተኞች የእርሻ ሥልጠና መዝገብ ላይ ግን «ጀማሪ ገበሬ» ተብለው ነው የተጻፉት። አስተማሪያቸው እኔ ነኝ። በስደት የመጣሁት ከእሳቸው ስምንት ዓመት ቀድሜ ነው፤ አፈር የነካሁትም እዚሁ፣ ኮርስ ተሰጥቶኝ። ከዚያ በፊት ልብስ ሰፊ ነበርኩ። እግዜር ያሳያችሁ።

ማሳው ዛሬ ፍተሻውን ካለፈ ከወንዙ ማዶ ያለው መሬት ለአምስት ዓመት የእሳቸው ይሆናል። ከወደቀ ቦታቸው ወረፋ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ይሰጥና እሳቸው ወደ ዶሮ ማረጃው ይመለሳሉ። ሁለት ዓመት እዚያ ብርድ ክፍል ውስጥ ቆመው ክንፍ ሲቆርጡ ጣቶቻቸው አልታጠፍ ብለው ነበር። ከሥራ ሲገቡ እጃቸውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ የሚያፍታቱላቸው ባለቤታቸው ነበሩ። እዚያ ከምመለስ መሬት ይዋጠኝ ይላል፣ ብለውኛል ባለቤታቸው።

ጥፋቱ ከዘሩ ነው። አምና የሰጠናቸው ዘር የተዳቀለ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ያማረ፣ አንድ ዓይነት ፍሬ ይሰጣል፤ ከፍሬው የተለቀመው ዘር ግን እናቱን አይመስልም፣ በየዓመቱ አዲስ መግዛት ግድ ነው። ይህ ሰባተኛው ትምህርት ነው። አምና ለቀማው ሲያልቅ ቤታቸው ብሄድ፣ ከምርጦቹ ምርጡን አውጥተው፣ ዘሩን አጥበው፣ መስኮት ሥር ጋዜጣ ላይ አስጥተውታል። ልናገር አፌን ከፈትኩ። አርባ ዓመት ሙሉ ዘር ለመረጡ፣ አባቴ ለሚሆኑ ሰው፣ ልብስ ሰፊው ስለ ዘር ላስተምር? ለቀባሪው ማርዳት መሰለኝ። እጅዎ ይባረክ ብዬ ወጣሁ። ቢሮ ስገባም ከሰባተኛው ትምህርት ፊት ለፊት «ተሰጥቷል» ብዬ ፈረምኩ። ይሉኝታ ነው እያልኩ ራሴን ስደልል ከረምኩ። ይሉኝታ አፍ ያስይዛል እንጂ አያስፈርምም።

ተቆጣጣሪዋ ሞኝ አይደለችም። ቲማቲሞቹን መሬት አስቀምጣ ዘሩን ከየት እንዳመጡት ጠይቅልኝ ትላለች። አባ ማለዳ ምንም ሳይደብቁ፣ እንዲያውም ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ ከራሴ ፍሬ ነው ይላሉ። እተረጉማለሁ። በረጅሙ ትተነፍሳለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ወረቀቷን ገልጣ ፊርማዬን አየት ታደርግና እሳቸውን እያየች ትናገራለች። ይህ ዘር እንደማይተካ ተነግሯቸው ነበር ወይ? ካልተነገራቸው ጥፋቱ የእኛ ነው፣ አንድ ዓመት ይጨመርላቸዋል።

ጥያቄውን እተረጉማለሁ። የቀረውን ልጨምር ስል እጃቸውን ያነሳሉ።

«አይተካም?»

«አይተካም፣ ጋሼ።»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ማሳቸውን ዳር እስከ ዳር ያዩታል። ሦስት ወር ጎንበስ ቀና ብለው ያሳደጉት፣ እያንዳንዱን ግንድ በጨርቅ ቁራጭ ከእንጨት ጋር ያሰሩት ነው። ይሰድቡኛል ብዬ እጠብቃለሁ፤ ቢሰድቡኝ ደስ ይለኛል። እሳቸው ግን ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አያደርጉም።

«ነግሮኛል በላት» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ቆይ አንዴ…»

«ነግሮኛል፣ አልሰማ ያልኩት እኔ ነኝ በላት። በዚህ ዕድሜዬ ዘር አያውቅም ከምባል፣ ልበ ደንዳና ነው ልባል።»

አንድ ዓመት የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነው። ባወጣው ማንም አይከለክለኝም። እሳቸው አያውቁትም፤ ቢያውቁ ኖሮ ኩራታቸውን ውጠው ይቀበሉት ይሆናል፣ እኔ ደግሞ ነገ ሥራ የለኝም። ወደ ተቆጣጣሪዋ ዞሬ፣ ነግሬያቸው ነበር፣ አልሰሙኝም እላለሁ። ድምፄ አይንቀጠቀጥም። በዚህም አፍራለሁ።

ትጽፋለች። ከዚያ የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጇ ይዛ አዝናለሁ ትላቸዋለች፤ ይህን እተረጉማለሁ፣ ይህ ቀላል ነው። ጫማዋን ከጭቃው እየነቀለች ወደሚቀጥለው ማሳ ትሄዳለች።

አባ ማለዳ የለቀማ ሣጥን ገልብጠው ይቀመጣሉ። ሌላውን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ ያደርጉታል።

«በል አሁን አስተምረኝ» ይላሉ። «ለምንድን ነው እናቱን የማይመስለው?»

እቀመጣለሁ። አፈሩ ላይ በጣቴ ሁለት መስመር አሰምራለሁ፤ ይሄ የአባትየው ዘር፣ ይሄ የእናትየው፣ እዚህ ሲገናኙ እንዲህ ይሆናሉ፣ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ይበታተናሉ እላቸዋለሁ። ጉልበታቸውን አቅፈው እንደ ተማሪ ያዳምጣሉ። ሁለት ጥያቄ ይጠይቁኛል፣ ሁለቱንም ከሌሎቹ ተማሪዎቼ አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። እመልሳለሁ። ትንሽ ያስቡና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ ጋሼ።»

ቀና ስል ተቆጣጣሪዋ ገና የሚቀጥለው ማሳ አልደረሰችም። ብጠራት ትሰማለች።